ሳይቆሙ ለማለፍ የተሠራ መንገድ

በሳውዝ ዳኮታ ሜዳ ላይ በሰዓት 80 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ወደ 129 ገደማ፣ መንዳት በሕግ የተፈቀደ ነው። በዚህ ፍጥነት ሰባት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ በመስኮት የምትታየው አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። የእህል ጎተራ፣ የውሃ ታንከር፣ የቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጣሪያ፣ ከዚያ እንደገና ሣር። ከተማዋ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሹፌሩን ማግባባት አለባት፦ እግርህን ከነዳጁ አንሣ፣ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ውረድ፣ ቡና ጠጣ። ኢንተርስቴት 90 በተባለው የአሜሪካ ፈጣን መንገድ ዳር ያሉት የትንንሽ ከተሞች ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚያች ደቂቃ ታሪክ ነው።

መንገዱ ከሲያትል እስከ ቦስተን ይዘረጋል። ከ3,000 ማይል በላይ ነው፤ በአሜሪካ ከእሱ የሚረዝም ኢንተርስቴት የለም። ሙሉውን ማየት የመጽሐፍ ሥራ ነው። እኔ የማነሣው ከደቡብ ሚኔሶታ ጀምሮ ሳውዝ ዳኮታን አቋርጦ ብላክ ሂልስ ተራሮች ግርጌ የሚደርሰውን ቁራጭ ነው። በዚህ መካከል ሰው ጥቂት፣ ሰማይ ብዙ ነው። ሰው በበዛበት አገር መንገደኛ በረሃብም፣ በዘመድም፣ በመንገድ መጨናነቅም ይቆማል፤ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ግን መንገደኛን ማስቆም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመንገዱ ሐሳብ ከወታደር ቤት የወጣ ነው። በጁላይ 1919 ሰማንያ አንድ ተሽከርካሪዎች ያሉት የጦር ሠራዊት ጓድ ከዋሽንግተን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። ከተጓዦቹ አንዱ ድዋይት አይዘንሃወር የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። ድልድይ ሲሰበር፣ ካሚዮን በጭቃ ሲዋጥ፣ መንገድ የተባለው የሠረገላ ዱካ ብቻ ሆኖ ሲገኝ አየ። ጉዞው 62 ቀን ፈጀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የጀርመንን አውቶባን ተመለከተና ሁለቱን አነጻጸረ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ፣ ጁን 29 ቀን 1956፣ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሕጉን ፈረመ፦ 41,000 ማይል ፈጣን መንገድ ይሠራል፣ ከወጪውም ከመቶ ዘጠናውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናል። በመንገዱ ስም ላይ «የመከላከያ» የሚል ቃል ገብቶበታል። ከዚህ ቃል ተነሥቶ ይመስላል፣ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን እንዲያርፍበት ሲባል ከየአምስቱ ማይል አንዱ ቀጥ ብሎ እንዲሠራ ታዟል የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይዘዋወራል። ትራክ ሲነዱ የኖሩ ወዳጆቼም ይህንኑ በእርግጠኝነት ነግረውኛል። ሕጉ ውስጥ የለም።

ሕጉ ውስጥ ያለውና የትንንሾቹን ከተሞች ዕጣ የወሰነው ሌላ ነገር ነው። በኢንተርስቴቱ ክልል ውስጥ መነገድ ክልክል ነው። መንገደኛ የሚያርፍበት ቦታ መጸዳጃ፣ ውሃ፣ ጠረጴዛ፣ ከሳንቲም ማሽን የሚወጣ ለስላሳ መጠጥ ይኖረው ይሆናል፤ ምግብ ቤትና ነዳጅ ማደያ ግን አይኖረውም። ከዚህ የሚለዩት ቀደም ብለው የተሠሩ አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ንግድ ሁሉ ወደ መውጫው፣ ያገራችን ልጆች «ኤግዚት» ወደሚሉት ቦታ፣ ሄዶ ሰፈረ። ቀድሞ መንገዱ በከተማው መሐል ያልፍ ነበር፤ መንገደኛ ፈለገም አልፈለገም የልብስ ሰፊውን መስኮት ያያል፣ መብራት ይዞት ይቆማል። ኢንተርስቴቱ ከተማውን በሩቁ ዞሮት አለፈ። ከተማ ኤግዚት ከተሰጠው ተስፋ አለው፤ ያልተሰጠው በካርታ ላይ ብቻ ቀረ።

የኤግዚቱ ቁጥርም ትርጉም አለው። በሳውዝ ዳኮታ ቁጥሩ ከምዕራቡ ድንበር፣ ከዋዮሚንግ ወሰን፣ የሚቆጠር ማይል ነው። ከምሥራቅ የሚመጣ ሰው 400 ገደማ ላይ ይገባና ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፦ 332፣ 263፣ 192፣ 131፣ 110። ቁልቁል እንደሚቆጠር ሰዓት ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ሚኔሶታን እንለፍ።

ኦስቲን በተባለችው የሚኔሶታ ከተማ ለታሸገ የአሳማ ሥጋ ሙዚየም ተሠርቶለታል። ጆርጅ ሆርሜል በ1891 በዚህች ከተማ የሥጋ ድርጅት ከፈተ፤ ስፓም የተባለው ባለ ቆርቆሮ ሥጋ በ1937 ወጣ፤ በጦርነቱ ዘመንም ወታደር እስኪሰለቸው ድረስ በላው። ወታደር የሰለቸውን ነገር ወደ መኩሪያነት መለወጥ ቀላል ብልሃት አይደለም። መግቢያው በነጻ ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ብሉ ኧርዝ ግን ቆም ያሰኛል። የታሸገ አተርና በቆሎ የሚሸጠው የግሪን ጃያንት ኩባንያ ምልክት፣ የቅጠል ካባ የለበሰው አረንጓዴ ግዙፍ ሰው፣ በሃምሳ አምስት ጫማ ተኩል ቁመት፣ 17 ሜትር ያህል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ፖል ሄድበርግ የሚባል የአካባቢው የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ነው ሐሳቡን ያመጣው። ጊዜውን ልብ ይሏል። በ1978 ከምሥራቅና ከምዕራብ ሲሠራ የኖረው ኢንተርስቴት 90 የተገናኘው በዚህችው ከተማ አጠገብ ነበር። በ1869 ከሁለት አቅጣጫ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲገጥም የወርቅ ምስማር እንደተመታ ሁሉ፣ እዚህም የመጋጠሚያው ኮንክሪት ወርቃማ ቀለም ተቀባ። ያ በዓል ለአሜሪካ የመንገድ መጋጠሚያ ነበር፤ ለብሉ ኧርዝ ደግሞ መንገደኛ ከከተማዋ መሐል የራቀበት ቀን ነው። ግዙፉ ሰው በበዓሉ ቀን ለጊዜው ታየ፣ በተከታዩ ዓመት በቋሚነት ተተከለ። ሳቅ ያስቃል፤ የተተከለው ግን ከሥጋት የተነሣ ነው።

ገና ሚኔሶታ ሳለን በመንገዱ ዳር ዎል ድራግ የሚል የእንጨት ሰሌዳ ብቅ ማለት ይጀምራል። የበረዶ ውሃ በነጻ። ቡና በአምስት ሳንቲም። ዳይኖሰር። ቦታው ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀረዋል። ሰሌዳዎቹን መጀመሪያ ያየ ሰው ችላ ይላቸዋል፤ ሃያኛው ላይ ይስቃል፤ ሃምሳኛው ላይ ልጆቹ ከኋላ ወንበር «መቼ ነው የምንደርሰው» ማለት ይጀምራሉ።

ከዚያ በፊት ሱ ፎልስ አለች። የሳውዝ ዳኮታ ትልቋ ከተማ ናት፤ ስሟን ያገኘችው በመካከሏ ሮዝ ቀለም ባለው ድንጋይ ላይ ከሚወርደው ፏፏቴ ነው። ጎብኚ ፏፏቴውን ፎቶ ያነሣል፤ ከጀርባው የሚያጨሰውን ፋብሪካ ግን ከፎቶው ያስቀረዋል። ያ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ በኤፕሪል 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ዝናው ሲወጣ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ገብተው ሪፖርት ጻፉ። በፋብሪካው 40 ቋንቋ ይነገራል ይላል ሪፖርቱ። በብዛት ከሚነገሩት አሥር ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ኩናማ ይገኙበታል። አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ ሰው ቀኑን ሙሉ የአሳማ ሥጋ ሲቆርጥ መዋሉ የስደት ነገር ነው። ስለ ሱ ፎልስ የሚጻፉ የመንገድ መጽሐፎች ፏፏቴውን እንጂ ይህን አያነሡም። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሐበሻ ሹፌር ግን ከተማዋን የሚያውቃት ከፏፏቴው ይልቅ እንጀራ ከሚገኝባት ሱቅ በኩል ነው።

ኤግዚት 332 ሚቸል ነው፤ የበቆሎ ቤተ መንግሥት የሚሉት ያለበት። ስሙ ቀልድ ይመስላል። ሕንጻው ከሩቅ ሲታይ ጉልላትና ሚናራ አለው፤ መስጊድ ነው ወይስ የቲያትር ቤት ያሰኛል። ሲቀርቡ ግድግዳው በሙሉ በቆሎ ነው። ራሱ በቆሎው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በየቀለሙ ተለይቶ፣ በምስማር ተመትቶ ትልልቅ ሥዕል ሆኗል፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ዳር ዳሩ በአጃና በዱር ቅጠል ይከፈፋል። በያመቱ አሮጌው ይነቀላል፣ አዲስ ሥዕል ይመታል። በመካከሉ ወፎች ይበሉታል፤ የከተማው ሰዎችም ሕንጻችን በዓለም ትልቁ የወፍ መመገቢያ ነው እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ።

ቀልዱ ግን ከትልቅ ጭንቀት የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቤተ መንግሥት የተሠራው በ1892 ነው። ሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት ከሆነች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሜዳው ደረቅ ነው፣ አያበቅልም የሚል ስም ነበረው። መሬት የያዙትም፣ መሬት የሚሸጡትም፣ ባቡር ያስገቡትም ሰው እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ሰውን በቃል ከማሳመን ምርቱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይሻላል አሉ። ሐሳቡም የራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤት አዮዋ ከተማ ሱ ሲቲ ቀደም ብላ የበቆሎ ቤተ መንግሥት ትሠራ ነበር፤ ስትተወው ሚቸል አነሣችው። ሁለተኛው ሕንጻ በ1905፣ አሁን ያለው በ1921 ተሠራ፤ ጉልላቶቹ በ1937 ተጨመሩበት። ውስጡ የቅርጫት ኳስ ሜዳና የኮንሰርት አዳራሽ ነው፤ ለቱሪስት ብቻ የተተወ ቤት አይደለም፣ የከተማው ልጆች ይጫወቱበታል። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። በ2006 ድርቁ ሲበረታ ሥዕሉን መቀየር አልተቻለም፤ የመሬቱን ለምነት ሊመሰክር የተሠራ ቤት የመሬቱን ጥማት መሰከረ።

በዚያ ግድግዳ ላይ ከ1948 እስከ 1971 ሥዕሉን ሲነድፍ የኖረው ኦስካር ሃው ነው። በ1915 በክሮው ክሪክ የተወለደ የያንክቶናይ ዳኮታ ሰው፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሠዓሊዎች አንዱ። በ1958 በኦክላሆማ ለአንድ ዓመታዊ ውድድር የላከው ሥዕል «ባህላዊ የሕንዶች (የነባሮቹ ሕዝቦች) ሥዕል አይደለም» ተብሎ ውድቅ ተደረገበት፤ እሱም ሕዝቡን እንደ ሕፃን እያዩ እንዲህ ሳል፣ እንዲያ አትሳል የሚሉትን የሚሞግት ደብዳቤ ጻፈ። ያ ደብዳቤ በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ዛሬም ይነሣል። ይህን ያህል ሰው ወደ ሩብ ምዕት ዓመት በበቆሎ ሥዕል ነድፏል፤ ሥራውንም በያመቱ ወፍ ይበላው ነበር። ለመንገድ ዳር ጥበብ ንቀት ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ከሚቸል በኋላ መንገዱ ሰባ ማይል ያህል ሄዶ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ሚዙሪ ወንዝ ነው። የአገሩ ሰዎች ክፍለ ግዛታቸውን በዚህ ወንዝ ለሁለት ይከፍሉታል፦ ከወንዙ ምሥራቅ አራሽ፣ ከወንዙ ምዕራብ ከብት አርቢ። ኮፍያው እንኳ ይለያያል። ወንዙ እዚህ ላይ ሐይቅ የመሰለው በተፈጥሮ አይደለም። ከ1944ቱ የግድብ ዕቅድ በኋላ በተሠሩት ግድቦች ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ የክሮው ክሪክንና የሎወር ብሩልን ሕዝቦች ለም የወንዝ ዳር መሬት፣ ደኑንና መንደሩን ዋጠው። ከፍ ካለው የእረፍት ቦታ ላይ ሲያዩት ውብ ነው፤ ሥሩ ያለው ግን መንደር ነው።

በዚያው የእረፍት ቦታ በሴፕቴምበር 2016 ዲግኒቲ፣ ማለትም ክብር፣ የተባለው ሐውልት ተመረቀ። ዴል ላምፊር ከማይዝግ ብረት የሠራው፣ 15 ሜትር የሚረዝም፣ ብርድ ልብሷን ከጀርባዋ የዘረጋች የነባሩ ሕዝብ ሴት ምስል ነው። ብርድ ልብሱ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሰማያዊ ቁራጮች ነፋስ ሲነካቸው ይወዛወዛሉ፤ በዚያ ሜዳ ደግሞ ነፋስ አይጠፋም። እዚህ የሚሸጥ ነገር የለም፤ ሕጉ ከልክሎታል። በመንገዱ ሙሉ ካየኋቸው ሐውልቶች ምንም ሳትለምን የምታስቆም እሷ ብቻ ነች። ከወንዙ ማዶ ኦኮማ ላይ ደግሞ በአምስት ሳንቲም ቡና ስሙ የታወቀ ምግብ ቤት ነበር፤ ዕድሜ ለውድድር፣ ይህ ዋጋ በዚህ መንገድ ላይ ከአንድ በላይ ቦታ ታይቷል።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ከተሞች የባቡር ልጆች ናቸው። ሐዲዱ ከሚዙሪ ተነሥቶ ወደ ብላክ ሂልስ የተዘረጋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ በ1907 አካባቢ የተወለዱት ከተሞች ብዙ ናቸው። መርዶ ስሟን ያገኘችው ከአንድ የከብት ኩባንያ አዛዥ ከመርዶ ማኬንዚ ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ስሟ ደስ አይልም፣ ሰዎቿ ግን ደህና ናቸው። ከ1954 ጀምሮ አሮጌ መኪና የሚታይበት ሙዚየም አላት። ከእሷ አለፍ ብሎ ኦካተን አለች፤ የሐዲድ ሠራተኞች የመሠረቷት፣ ባቡሩ የተዋት፣ ኢንተርስቴቱ ኤግዚት የሰጣት፣ ግን ሰው ያልወረደባት። የሞተች ከተማ መሆኗን ራሱን ለቱሪስት ለመሸጥ ተሞክሮ አልሆነም። ኤግዚት ማግኘት ብቻውን አያድንም ማለት ነው። ትንሽ ወረድ ሲሉ አንድ የብረት አጽመ ሰው የዳይኖሰር አጽም በገመድ እየጎተተ በሜዳው ላይ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁ። ከዚህ አካባቢ ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በሁለት አቆጣጠር ሰዓት ለምንናገር ለእኛ ሦስተኛ መጨመሩ ነው።

ኤግዚት 131 ላይ በጩኸት የተሞላው መንገድ ዝም ይላል። እዚህ ያለው ማሳሰቢያ የመንግሥት ነው፦ የሚኒትማን ሚሳይል ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ድረስ በምዕራብ ሳውዝ ዳኮታ ሣር ሥር 150 የኑክሌር ሚሳይሎች ተቀብረው ነበር፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን ድማሚት የሚበልጥ ኃይል ያለው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፦ በሰሜን ዋልታ በኩል ወደ ሶቭየት ኅብረት ቅርብ ነው፣ ከባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ ሰው የለበትም፤ ወይም ጥቂት ስለሆነ እንደሌለ ተቆጥሯል። የጉድጓዱ ምልክት የሽቦ አጥርና የኮንክሪት ክዳን ብቻ ነበር። አርሶ አደሩ ዙሪያውን ያርሳል፣ ላሞቹ ይግጣሉ፣ በኢንተርስቴቱ የሚያልፈው ቤተሰብ የዳይኖሰር ሰሌዳ እየቆጠረ ያልፋል።

ዴልታ 01 የተባለው ከመሬት በታች ያለ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ኤግዚት 127፣ ሁለት መኮንኖች ለሃያ አራት ሰዓት ተቆልፈው አሥር ሚሳይሎችን የሚጠብቁበት ነበር። የክፍሉን ስምንት ቶን የብረት በር አንድ ወታደር የፒዛ ካርቶን አስመስሎ ቀብቶታል፤ ከሥዕሉ ጋር በዓለም ዙሪያ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ እናደርሳለን የሚል ቀልድ ተጽፏል። ሚሳይሉ ወደ ኢላማው የሚደርስበት ጊዜ በእርግጥም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነበር። ኤግዚት 116 ላይ ዴልታ 09 አለ፤ ጉድጓዱ በመስታወት ተከድኖ፣ የኑክሌር ፈንጂው የወጣለት ሚሳይል ከላይ ይታያል። በ1991 የተፈረመው የጦር መሣሪያ ቅነሳ ውል ሌሎቹን አጠፋቸው፤ ሁለቱ ቦታዎች በ1999 ለሕዝብ ማስታወሻ ተቀመጡ። በዚህ መንገድ ሌሎቹ ሁሉ እዩን እያሉ ሲጮኹ፣ ከሁሉ የሚከብደው ነገር እንዳይታይ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። በመንገዱ ስም ውስጥ ያለው «መከላከያ» የሚለው ቃል ትርጉሙ የሚገባው እዚህ ነው።

ከዚያው ኤግዚት 131 ወደ ደቡብ የሚታጠፍ ሰው ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ላኮታዎች ማኮ ሲቻ፣ መጥፎ ምድር፣ ያሉት ገደል ነው፤ ዝናብና ነፋስ በያመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል እየሸረሸሩት ቢጫ፣ ሮዝና ግራጫ ንብርብሩ ይገለጣል፣ ከውስጡም የጥንት አውራሪስ አጥንት ይወጣል። በ1939 የተከለለ፣ በ1978 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ነው። ስለ ውበቱ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። ፓርኩን የሚያልፍ ሰው ተመልሶ ኢንተርስቴቱን የሚያገኘው በኤግዚት 110 ነው። ዎል።

ቴድ ሃስቴድ የነብራስካ ሰው፣ ፋርማሲስት ነበር። በዲሴምበር 1931 ከአባቱ በወረሰው 3,000 ዶላር በዎል አንድ ትንሽ መድኃኒት ቤት፣ የኋላውን ዎል ድራግ፣ ገዛ። የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነበር፤ ድርቁም አብሮ ነበር። ከባለቤቱ ከዶረቲ ጋር አምስት ዓመት እንሞክረው፣ ካልሆነ እንተወዋለን ተባባሉ። አራት ዓመት ተኩል አለፈ፣ ሰው የለም። በ1936 ሙቀት አንድ ቀን ዶረቲ ልጇን ይዛ ልትተኛ ገብታ የመኪና ድምፅ እንቅልፍ ከለከላት። መንገዱ ላይ የሚያልፉት ወደ ብላክ ሂልስ የሚሄዱ ጎብኚዎች ነበሩ፤ በዚያ ሙቀት ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው ብላ አሰበች። በረዶ አለን፤ ውሃ አለን። ቴድ ዜማ ያላቸው አጫጭር ቃላት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ በመንገዱ ዳር ሊተክል ወጣ፤ ሲመለስ መንገደኞች መደብሩ ውስጥ ውሃ እየጠጡ አገኛቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ሴት ልጆች መቅጠር አስፈለገ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የንግድ ብልሃት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን የምወደው የእንግዳ አቀባበል ሥርዓቱን ነው። ውሃ ለመንገደኛ መስጠት ከየትኛውም ንግድ የሚቀድም ነገር ነው፤ ሃስቴዶች የጨመሩበት ሰሌዳውን ብቻ ነው። ሰሌዳው ግን ሄደ ሄደና ዓለምን ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአካባቢው ወታደሮች ይህን ያህል ማይል ወደ ዎል ድራግ የሚል ሰሌዳ በአውሮፓ ተከሉ፤ በኋላ በቬትናምም፣ በአንታርክቲካም ታየ። መደብሩም እየሰፋ አንድ ሙሉ ሰፈር ሆነ፦ ዶናት፣ የከብት ጠባቂ ጫማ፣ የጸሎት ቤት፣ ሥዕል፣ መድኃኒት ቤቱም ከነጭራሹ አልጠፋም። በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ይገባበታል፤ የከተማው ነዋሪ ከሰባት መቶ ብዙ አያልፍም።

በ1965 ግን ሰሌዳው ራሱ አደጋ ላይ ወደቀ። በፕሬዚዳንት ጆንሰን ባለቤት በሌዲ በርድ ግፊት የወጣው የመንገድ ማስዋቢያ ሕግ ከፌዴራል አውራ ጎዳናዎች ዳር ማስታወቂያ እንዲነሣ አዘዘ፤ የንግድ ቀጠና ተብሎ የተከለለውን ትቶ። የሃስቴድ ቤተሰብ ተሟገተ፤ ሰሌዳዎቹም ቢቀንሱ ከሥራ አልወጡም። ኤግዚቱ አጠገብ ያለው 24 ሜትር የሚረዝም አረንጓዴ ዳይኖሰር ራሱ ሰሌዳ ነው፦ ኤመት ሱሊቫን የሠራው፣ በ1936 በራፒድ ሲቲ ኮረብታ ላይ የቆሙትን የኮንክሪት ዳይኖሰሮች የሠራው ያው ሰው። የሌዲ በርድን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሜዳውን ያለ ሰሌዳ ማየት ደስ ይላል። ግን ሰሌዳ ባይኖራት ዎል ኦካተንን ትሆን ነበር።

ቴድ በ1999 ሲሞት የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዢ ቢል ጃንክሎ ዓመታዊ ንግግሩን በእሱ መታሰቢያ ነው የጀመረው።

አሁን ሰው የሚሄድበት ወደ ተራሮቹ ነው። ራፒድ ሲቲ ዙሪያ የእባብ ማሳያ አለ፣ ሐውልት የሞላበት ጎዳና አለ፣ በኦገስት ደግሞ ከ1938 ጀምሮ በስተርጂስ የሞተር ብስክሌተኞች ጉባኤ ይደረጋል። እነዚህን በፍጥነት አልፋለሁ፤ ምክንያቱም የሁሉ አባት የሆነው ማስታወቂያ ከፊታችን ነው። ራሽሞር ተራራ ላይ የአራት ፕሬዚዳንቶች ፊት ተቀርጿል፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ቅዱስ ቦታ ያደርጉታል። አጀማመሩ ግን እንደ ሚቸል በቆሎና እንደ ዎል ውሃ ነው። በ1923 የሳውዝ ዳኮታ የታሪክ ባለሙያ ዶን ሮቢንሰን መንገደኛ ወደዚህ እንዲመጣ ተራራ እንቅረጽ አለ፤ ዓላማውንም አልደበቀም፣ ቱሪስት ነው አለ። ጉትዞን ቦርግለም ከ1927 እስከ 1941 ከ400 ገደማ ሠራተኞች ጋር ቀረጸው፤ ያንዳንዱ ራስ 18 ሜትር ነው። ኢንተርስቴቱ ከመታሰቡ በፊት የተተከለ ትልቁ የመንገድ ዳር ሰሌዳ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዶረቲ ሃስቴድን ከእንቅልፍ የቀሰቀሷት መኪኖችም ብዙዎቹ ወደዚያው የሚሄዱ ነበሩ።

ልዩነቱ የተራራው ባለቤት ነው። በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል ብላክ ሂልስ፣ በላኮታ ስሙ ፓሃ ሳፓ፣ ላኮታዎች ወገኑ የሆኑት «ሱ» የተባለው ሕዝብ ርስት ሆኖ እንዲቀር የአሜሪካ መንግሥት ቃል ገባ። በ1874 የአሜሪካ ጦር መኮንን የከስተር ጓድ ወርቅ አገኘ፤ በ1877 ተራራው ተወሰደ። በ1890 መጨረሻ ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዉንድድ ኒ በተባለ ወንዝ ዳር፣ ሴቶችና ሕፃናት የበዙበት የላኮታ ወገን በጥይት አለቀ። በ1948 በአለቃ ሄንሪ ስታንዲንግ ቤር ግብዣ ኮርዛክ ዚዮልኮቭስኪ የላኮታውን የጦር መሪ የክሬዚ ሆርስን ምስል ከሌላ ተራራ መቅረጽ ጀመረ፤ ፊቱ በ1998 ተጠናቀቀ፣ የቀረው እስከ ዛሬ ይቀረጻል።

በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተራራው ያለ ተገቢ ካሳ መወሰዱን አጽንቶ 106 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል ወሰነ። የ«ሱ» ሕዝብ መሬታችን የሚሸጥ አይደለም ብሎ ገንዘቡን አልተቀበለም። ወለዱ እየተደመረ ከቢሊዮን ዶላር አልፎ ዛሬም በመንግሥት ካዝና ተቀምጧል።